ጆሮም ሚዛን ያስፈልገዋል

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



ከአንኮበር በታች፣ ደጋው ወደ ይፋት ቈላ በሚወርድበት ተረተር ላይ፣ አሊዩ አምባ የምትባል ከተማ አለች። ዛሬ ስሟን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ቢሆንም፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራና ከሐረር ተነሥቶ በረሓውን ያቋረጠ ነጋዴ ወደ ሸዋ ደጋ ከመውጣቱ በፊት የሚያርፍባትና የሚገበያይባት ታላቅ ገበያ ነበረች። በ1841 ወደ ንጉሡ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ በዚያ አልፏል፤ በሚከተለው ዓመትም ጆንስተን የተባለው ሐኪም በከተማዪቱ ተቀምጦ ያየውን ጽፏል። (በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በዚያ ዘመን በአገራችን ገበያዎች መገበያያው አሞሌ ጨውና ማርያ ቴሬዛ የሚባለው ጠገራ ብር ነበር። ባላገሩም ነጋዴውም ብሩ ስላብረቀረቀ ብቻ ተቀብሎ ወደ ኪሱ አይከትም ነበር፤ አገላብጦ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ ፈርጥ ይመለከትና ነጥቦቹን ይቈጥራል፤ ነጥቡ የተፋቀ ወይም የጐደለ እንደሆነ ብሩን ይመልሳል። አሞሌውም ጥጉ የተሸረፈ እንደሆነ በሙሉ ዋጋ አይሄድም ነበር። ይህ ሰው የተማረ መሐንዲስ አልነበረም፤ ዳሩ ግን ዓይን በብልጭታ እንደሚታለል ያውቅ ነበርና ለዓይኑ መስፈሪያ አበጀለት።

ዓይን በብልጭታ እንደሚታለል ሁሉ ጆሮም በጩኸት ይታለላል። ዛሬ ልገልጽላችሁ ያሰብሁት ይህንኑ የጆሮ መታለል ነው፤ ምሳሌ አድርጌ የመረጥሁትም ወጣቶቻችን ከባድ የሮክ ሙዚቃ፣ ይልቁንም ሄቪ ሜታል የሚባለውን፣ ለማሰናዳት የሚሞክሯቸውን አዳዲስ የድምፅ ፕሮግራሞች ነው።

ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ ከመሥሪያ ቤት ደክማችሁ ስትመለሱ፣ ልጃችሁ ወይም ታናሽ ወንድማችሁ በሩን ዘግቶ እንደ ነጐድጓድ ያለ የጊታር ድምፅ አንዱኑ ዜማ መላልሶ ሲያሰማ ታገኙት ይሆናል። ምን ትሠራለህ ብላችሁ ብትጠይቁት፣ «አዲስ ፕላጊን እየሞከርሁ ነው» ብሎ ይመልስላችኋል። ፕላጊን ማለት በኮምፒዩተር ውስጥ ካለው ዋና የሙዚቃ መቅጃ ፕሮግራም ጋር እየተቀጠለ አንድ የተለየ ተግባር የሚፈጽም ረዳት ፕሮግራም ነው። አንዳንዱ በነፃ ይገኛል፤ አንዳንዱ ግን ከአንድ ጸሐፊ የወር ደመወዝ የሚበልጥ ዋጋ አለው። እንግዲህ ነገሩ የልጆች ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የቤታችሁን ገንዘብ፣ የልጃችሁን ጆሮና የዘፈኑን ዕድል የሚነካ መሆኑን ልብ በሉ።

ሁለት ቃላት አስቀድመን እንፍታ። ሚክሲንግ ማለት በየብቻቸው የተቀዱትን የከበሮ፣ የቤዝ፣ የጊታርና የዘፋኝ ድምፆች መጥኖ አንድ ማድረግ ነው። ማስተሪንግ ማለት ደግሞ አንድ የሆነውን ሙዚቃ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ መርምሮ ማቃናት ነው። በ1969 አቶ አምኃ እሸቴ የሙዚቃ ሸክላ ማሳተም በጀመሩበት ዘመን ባንዱና ዘፋኙ በአንድነት እየተጫወቱ በማግኔት ክር ይቀዱ ነበር፤ ሸክላውም ውጭ አገር ታትሞ ይመጣ ነበር። በዚያን ጊዜ ሚዛኑ የሚጠበቀው በአብዛኛው በተጫዋቾቹ እጅና በማይክሮፎኑ አቀማመጥ ነበር። የድምፅ መሣሪያዎቹ ውድ፣ ክብደታቸውም ብዙ ስለነበረ ከአንድ ስቱዲዮ ውጭ የሚያገኛቸው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

የሐምቡርጉ ስታይንበርግ ኩባንያ በ1996 ቪ.ኤስ.ቲ. የተባለውን ሥርዐት ባወጣ ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ። በዚህ ሥርዐት አማካይነት ማንኛውም ፕሮግራም ሠሪ የራሱን ረዳት ፕሮግራም እያዘጋጀ ከዋናው ጋር ሊያጋጥም ቻለ። ግድግዳ ይሞላ የነበረው መሣሪያ ሁሉ በአንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ። ይህ ታላቅ ጸጋ ነው፤ ነገር ግን መሣሪያው ሲበዛ ምርጫው ይበዛል፣ ምርጫው ሲበዛም መሳሳቱ ይበዛል። አባቶቻችን «ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ያሉት ለዚህም የሚስማማ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ሙዚቃው ጥቂት እንናገር። ሄቪ ሜታል ከብረታ ብረት ፋብሪካዎች ከተማ ከበርሚንግሃም ጋር ስሙ የተያያዘ ነው። በዚያች ከተማ የተቋቋመው ብላክ ሳባዝ የተባለው ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን በ1970 አወጣ። የባንዱ ጊታር መቺ ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ በፋብሪካ ሲሠራ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ መኪና ቈረጠው። ግራኝ ስለሆነ የጊታሩን ክር የሚጫነው በዚሁ በቀኝ እጁ ነበርና ሙያው ያከተመ መሰለ። እርሱ ግን ከፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ቆብ አበጀ፤ በኋላም ክሩ ለቈሰለው ጣቱ እንዲቀልለት አላልቶ ቃኘው። ክሩ ሲላላ ድምፁ ዝቅ አለ፤ ዝቅ ሲልም ከበደ። ዓለም የተከተለው ያ ከባድ ድምፅ ከአንድ ሠራተኛ ጕዳትና ከትዕግሥቱ የተገኘ ነው።

በአገራችንም የዚህ ሙዚቃ ዘመድ የሆነ ሥራ ተሠርቷል። ቀደም ብዬ ያነሣሁት አሞሌ ጨው ይቈረጥ የነበረው በአፋር ረባዳ ምድር ነው፤ በዚያም ምድር ኤርታሌ የተባለው እሳተ ገሞራ ይነድዳል። ጃኖ የተባለው የኢትዮጵያ የሮክ ባንድ በ2012 ያወጣውን አልበም በዚሁ ተራራ ስም «ኤርታሌ» ብሎ ሰየመው። አዘጋጁም ቢል ላዝዌል የተባለው አሜሪካዊ ባለሙያ ነበር። ጃኖ ሄቪ ሜታል ነው ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን ኀይለኛውን የኤሌክትሪክ ጊታር ከአገራችን ቅኝት ጋር አጋብቶ፣ ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ዘፋኞችን በፊቱ አቁሟል። በዚህም ለአገራችን የድምፅ ባለሙያ አንድ ከባድ ጥያቄ ተደቀነለት፤ ጊታሩ እንደ እሳተ ገሞራ ሲነድድ የአማርኛው ቃል እንዴት ይሰማ?

ጥያቄው ቀላል አይደለም። የጊታሩ ድምፅ በማጕያው ውስጥ ከልኩ በላይ ተገፍቶ ሲሻክር አዳዲስ ንዝረቶችን ይወልዳል፤ ይህ በፈረንጆቹ ቋንቋ ዲስቶርሽን ይባላል። ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በገና ስናደምጥ የሚማርከን ያ የሚነዝር ድምፅ የሚወለደው በክሩና በብርኵማው መካከል ከምትገባው እንዚራ ከምትባለው ቁራጭ ቆዳ ነው። ያለ እንዚራ በገናው ድምፁ የሰለለ ይሆናል፤ እንዚራዋ ያለ ቦታዋ ከገባችም ንዝረቱ ይበላሻል። ስለዚህ በገና ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዷን እንዚራ በትዕግሥት እያንቀሳቀሰ ያስተካክላል። የጊታሩም ነገር እንዲሁ ነው፤ መሻከሩ በልክ ሲሆን ክብደት ይሰጣል፣ ሲበዛ ግን የክሩን አመታት ውጦ እንደ ዝናብ ድምፅ ያደርገዋል።

ይህ የሻከረ ድምፅ ከወፍራሙ አንሥቶ በሴኮንድ እስከ 5,000 ንዝረት ገደማ ያለውን ስፍራ ይሞላል። የሰው ንግግር ተነባቢዎች ደግሞ ጐልተው የሚለዩት በተለይ በሴኮንድ ከ2,000 እስከ 4,000 ንዝረት ባለው ስፍራ ነው። እንግዲህ ጊታሩና ቃሉ በአንድ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ይገፋፋሉ። በአማርኛ ደግሞ የተነባቢ መላላትና መጥበቅ ትርጕም ይለውጣል። «ገና» የሚለው ቃል ሲላላ ያልደረሰ ነገርን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ያመለክታል፤ «ዋና» ሲላላ በውሃ መዋኘት፣ ሲጠብቅ አለቃ ወይም ታላቅ ማለት ነው። ተነባቢው በጊታር ጩኸት ከተሸፈነ ግጥሙ ሰሙም ወርቁም ይጠፋል። ስለዚህ አማርኛ የሚዘፍን ባለ ከባድ ጊታር ባንድ የሚያዋሕድ ሰው የውጭ አገሩን ልክ እንዳለ ቢገለብጥ አይበቃውም።

ለዚህ ሥራ የሚሞከሩት ፕሮግራሞች ስማቸው ብዙ ቢሆንም ወገናቸው ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው ኢኳላይዘር ሲሆን፣ የድምፅን ወፍራምና ቀጭን ክፍል ለይቶ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። በሜታል ሙዚቃ የጊታሩ በሴኮንድ ከ80 ወይም ከ100 ንዝረት በታች ያለው ክፍል ብዙ ጊዜ ይቈረጣል፤ ያ ስፍራ የቤዝና የትልቁ ከበሮ ነውና። ለብቻው ሲሰማ የሳሳ የሚመስለው ጊታር ከቤዙ ጋር ሲሰማ ግዙፍ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጌት የሚባለው ነው፤ እርሱም ድምፅ ሲኖር ተከፍቶ ጸጥታ ሲሆን የሚዘጋ በር ነው። ከበሮ መቺው አንዱን ሲመታ የሌላው ማይክሮፎን የሚሰበስበውን ዝብርቅርቅ ይከለክላል።

ሦስተኛው ኮምፕሬሰር ሲሆን፣ ከተወሰነ ልክ በላይ የወጣውን ድምፅ እየተጫነ ከፍታና ዝቅታውን ያቀራርባል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የሻከረ ጊታር አስቀድሞ በራሱ የተጨመቀ ነውና ዳግመኛ ቢጨምቁት የሚገኝ ጥቅም ጥቂት ነው።

አራተኛው የጊታር ማጕያና የድምፅ ሣጥን አስመሳይ ነው። የእውነተኛው ሣጥን የድምፅ አሻራ አንድ ጊዜ ተለክቶ ይቀመጥና ጊታሩ በዚያ ሣጥን ውስጥ የተጫወተ ይመስላል። ጎረቤት ሳይረበሽ በሌሊት ለመቅዳት ያስቻለው ይህ ነው፤ የሚጮኸውም ወደ ጆሮ ማዳመጫው እንጂ ወደ ግድግዳው ማዶ አይደለም።

አምስተኛውና ከሁሉ ይልቅ የሚያታልለው ሊሚተር የሚባለው ነው፤ ስለ እርሱ ዘርዘር አድርጌ ልናገር።

ሊሚተር የድምፁን ሹል ጫፎች ከአንድ ጣሪያ በላይ እንዳይወጡ ይቈርጥና የቀረውን ሁሉ ወደ ላይ ያነሣል። ዌቭስ የተባለው ኩባንያ በ1994 ኤል 1 የተባለውን የኮምፒዩተር ሊሚተር ካወጣ ወዲህ ዘፈንን በጣም ማስጮኽ ቀላል ሆነ። ጩኸት ለምን ያታልላል ቢባል፣ ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ1933 ያሳተሙት ጥናት መልስ ይሰጣል። የሰው ጆሮ ድምፅ ዝቅ ሲል ወፍራሙንና በጣም ቀጭኑን ክፍል አሳንሶ ይሰማል፤ ከፍ ሲል ግን ሁለቱንም ከመካከለኛው ጋር አቀራርቦ ይሰማል። ስለዚህ አንድ ፕላጊን ሌላ ምንም ሳይሠራ ድምፁን በሁለት ወይም በሦስት ዴሲቤል ቢያነሣው፣ አድማጩ ሙዚቃው የወፈረና የጠራ ይመስለዋል። ፕላጊን ሻጩ ይህን ያውቃል፤ ገዢው ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም።

ከራሴ ጥፋት አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የወንድሜ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ከባድ ዘፈን ቀድቶ ነበርና ማስተሪንጉን እኔ እንድሠራለት ሰጠኝ። በዚያው ሳምንት ያገኘሁትን አዲስ ሊሚተር ጨመርሁበት። እኩለ ሌሊት ላይ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ሲሞላ ደስ አለኝ፤ በደስታዬም ብዛት የቀድሞውን ቅጂ በአዲሱ ደመሰስሁት። በማግሥቱ ልጁ መጥቶ ዝም ብሎ አዳመጠና፣ «ጋሼ፣ ከበሮው ወዴት ሄደ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ከበሮው እንዳለ፣ እንዲያውም ድምፁ ከፊተኛው የጐላ መሆኑን ላስረዳው ሞከርሁ። እርሱም በስልኩ የያዘውን የመጀመሪያ ሙከራ አወጣና የሁለቱን ድምፅ እኩል አድርጎ አሰማኝ። አፈርሁ። የከበሮው አመታት ሹል ጫፉ ተቈርጦ እንደ ካርቶን ሆኗል፤ ዘፋኙ በለሆሳስ የሚጀምርበት ስንኝና ባንዱ በሙሉ የሚገባበት ስፍራ አንድ ልክ ሆነዋል። የሚክሲንጉን ሥራ እንደገና ለመሥራት ሳምንታት ፈጀብን፤ የመጀመሪያው ቀን ሚዛን ግን በትክክል አልተመለሰም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለት ይህ ነው፤ እኔ ግን ያፈሰስሁትን ሁሉ አልለቀምሁም።

ያጣሁት ነገር ምን እንደነበረ ከይፋት አንድ ልማድ ወስደን እንመልከት። መንዙማ በሚባልበት ስፍራ አውጪው ለብቻው በዝግታ ያወጣል፤ ከዚያም ተቀባዮቹ በከበሮና በጭብጨባ በአንድነት ይቀበሉታል። የተቀባዮቹ ኀይል የሚታወቀው አውጪው ዝቅ ብሎ ስለነበረ ነው። ሁለቱ በአንድ ልክ ቢጮኹ መቀበሉ ቀርቶ ጫጫታ ይሆናል። ሜታልም ምንም እንኳ ኀይለኛ ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ ከባዱ ከባድ የሚሆነው በፊቱ ቀላል ነገር ሲቀድመው ነው።

ይህም ስሕተት የእኔ ብቻ አልነበረም። ሜታሊካ የተባለው ስመ ጥር ባንድ በ2008 «ዴዝ ማግኔቲክ» የተባለውን አልበም ባወጣ ጊዜ ድምፁ ከመጠን በላይ ስለተጨመቀ ይሻክራል ተብሎ ተነቀፈ። በጊታር ሂሮ የኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ የገባው ያው ሙዚቃ ያን ያህል ስላልተጨመቀ አድማጮች ሁለቱን አነጻጽረው ልዩነቱን ዐወቁት፤ ብዙ ሺሕ ሰዎችም እንደገና ይሠራልን ብለው ፈረሙ። የባንዱ ሀብትና ዝና ከመታለል አላዳነውም።

ደግነቱ፣ የድምፅ ገበያም በመጨረሻ ሚዛን አበጀ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2006 ቢ.ኤስ. 1770 የተባለውን የድምፅ ጕልህነት መለኪያ ደንብ አወጣ። የአውሮፓ የራዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ኅብረትም በ2010 አር 128 በተባለው ደንቡ ስርጭቶች ሁሉ በ23 ሉፍስ ከጣሪያው በታች እንዲለኩ ወሰነ። ሉፍስ ማለት የሰው ጆሮ እንደሚሰማው ሆኖ የተሰናዳ የጕልህነት መስፈሪያ ነው። ስፖቲፋይን የመሰሉ የሙዚቃ ማሠራጫዎችም ዘፈኖችን በ14 ሉፍስ ከጣሪያው በታች ያስተካክላሉ። ይህ ማለት ከጣሪያው 7 ሉፍስ ብቻ ዝቅ ብሎ የተሠራ ዘፈን ሲደርሳቸው፣ 7 ዴሲቤል ያህል ይቀንሱታል ማለት ነው። ጩኸቱ ይመለሳል፣ የተቈረጠው የከበሮ ጫፍ ግን አይመለስም። አትርፋለሁ ብሎ የጮኸው ሰው በኪሳራ ይወጣል።

እንግዲህ አዲስ ፕላጊን ሲሞከር ምን ማድረግ ይገባል? የገበያተኛው ዓይነት ምርመራ አምስት ደረጃ አለው።

አንደኛ፣ ለሙከራው አንድ የምታውቁትን ሥራ ምረጡ፤ በውስጡም ዝግ ያለ ክፍልና በጣም ከባድ ክፍል ይኑርበት። በየጊዜው ዘፈን እየለወጡ መሞከር በየገበያው የተለያየ ቁና ይዞ እንደ መስፈር ነው።

ሁለተኛ፣ ፕላጊኑን ስትጨምሩት የድምፁ ጕልህነት ከቀድሞው ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ መውጫውን ዝቅ አድርጉት። መለኪያው በሉፍስ የሚያሳይ ቢሆን ይመረጣል። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ማታለል ይገለጥላችኋል።

ሦስተኛ፣ ሳታዩ ፍረዱ። ሌላ ሰው ፕላጊኑን እየከፈተና እየዘጋ ያሰማችሁ፤ እናንተ ጀርባችሁን አዙራችሁ የትኛው እንደሆነ በወረቀት ጻፉ። አሥር ጊዜ ሞክሩ። በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው ከ10 ጊዜ 9 ወይም 10 ጊዜ የሚያገኘው ከ100 ሙከራ በአንዱ ያህል ነው። አምስት ወይም ስድስት ብቻ ያገኘ ሰው ልዩነቱን ለመስማቱ ማስረጃ የለውምና ገንዘቡን በኪሱ ያቈየው።

አራተኛ፣ ሁለት ፕላጊኖች ይለያያሉ ተብሎ ሲነገራችሁ የአንዱን የድምፅ ሞገድ ገልብጡና ከሌላው ጋር ደምሩ። ወደ ላይ የሚወጣው ወደ ታች ከሚወርደው ጋር ይጣፋል። የሚቀረው ጸጥታ ከሆነ ሁለቱ ስማቸውና መልካቸው እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። አንዳንድ ጊዜ በውድ የሚሸጠውና በነፃ የሚገኘው ሲጣፉ ማየት ያስደንቃል።

አምስተኛ፣ ሥራውን በሌላ ቀን፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ በተራ ስልክና በታክሲ ራዲዮ አድምጡት። ቃሉ በዚያ ከተሰማ በሌላውም ይሰማል። ይልቁንም ዘፈኑን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው አሰሙትና ስንኙን እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ለአማርኛ ዘፈን ከዚህ የበለጠ ፈተና የለም።

ስለ ጆሮ ጤና ደግሞ ጥቂት ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ቢያዳምጥ የሚፈቀድ ልክ መሆኑን ያመለክታል፤ በ90 ዴሲቤል ግን ልኩ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። ከባድ ሙዚቃ የሚያዋሕድ ወጣት ይህን ልክ በአንድ ሌሊት ሊያልፈው ይችላል። የደከመ ጆሮ ቀጭኑን ድምፅ አሳንሶ ስለሚሰማ ሠሪው መላልሶ ይጨምረዋል፤ በማግሥቱም ሙዚቃው እንደ መጋዝ ሆኖ ያገኘዋል። የተጐዳ ጆሮ ደግሞ በፕላጊን አይጠገንም።

ስለ ገንዘብም ቢሆን፣ ብዙዎቹ ሠሪዎች ለጥቂት ቀናት በነፃ የሚሞከር ቅጂ ይሰጣሉና ሳይሞክሩ መግዛት አያስፈልግም። ተሰብሮ የሚታደለውን ፕሮግራም ግን ከማያውቁት እጅ መቀበል አደገኛ ነው፤ በውስጡ ሌላ ተንኰለኛ ፕሮግራም ተሸሽጎ ሊገባ ይችላል። ይልቁንም የመንግሥት ሥራ በሚሠራበት ኮምፒዩተር ላይ፣ ልጄ ለመነኝ ብሎ እንዲህ ያለውን ነገር መጫን የሕዝብን መዝገብ ለሌባ እንደ መክፈት ይቈጠራል።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ ከእንግዲህ ወዲያ ከግድግዳው ማዶ ያ ነጐድጓድ ሲሰማ በሩን አንኳኵታችሁ ግቡ። «ቀንሰው» ከማለታችሁ በፊት «ከቀድሞው ጋር እኩል አድርገህ አሰማኝ» በሉት፤ ቀጥላችሁም ዘፋኙ ምን እንዳለ ጠይቁት። ሁለቱንም መመለስ ከቻለ ልጁ ሙያ ይዟልና አበረታቱት። መመለስ ካልቻለ ደግሞ አዲስ ፕላጊን ከመግዛት በፊት ይህን ምርመራ ይማር፤ የቀድሞውን ቅጂም ሳይደመስስ ያስቀምጥ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚል ተረት አለን። ባዳ ከሆነ ደግሞ እንደ ማናቸውም ባዳ ምስክርነቱ ሊመረመር ይገባል። በአሊዩ አምባ ገበያ ብሩን አገላብጦ ነጥቡን የሚቈጥረው ሰው በዓይኑ አልተማመነም፤ ዓይኑንም አልናቀውም። በመስፈሪያ ረዳው፤ የልፋቱንም ዋጋ ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እኛም ለጆሯችን ይህን ብናደርግለት የልጆቻችን ከበሮ ሳይጠፋ፣ የዘፋኙም ቃል ሳይሸፈን ከሰሚው ይደርሳል።